ለአቶ ዳኜ የተተከለው ድንኳን

በዕድሜዬ አንድ ሰው ብቻ ነው የገደልኩት፤ እሱንም ሳይፈጠር። የምውለው ፍርድ ቤት በር ላይ ቢሆንም ስለዚህ ነገር የጠየቀኝ ዳኛ የለም። የጠየቀኝ እድር ነው። እድር ደግሞ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የሆነውን ከነውርደቱ እኔው ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ቅመም ይበዛበታል።

ሥራዬ ሁለት ነው። ቀን ቀን ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የሰው መኪና እጠብቃለሁ። ሁለተኛው የኮንዶሚኒየማችን እድር ጥሩምባ ነፊነት ነው። ሰው ሲሞት ማልጄ ተነሥቼ በየብሎኩ ሥር ጥሩምባ እየነፋሁ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። ይህን ስሠራ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰፈሩ ፎቅ ሳይሆን፣ ገና የጭቃ ቤት ሳለ ነው የጀመርኩት። በሰፈራችን እኔን አይቶ ፈገግ የሚል ሰው የለም። ጠዋት ስንገናኝ «እንደምን አደርክ» ከማለታቸው በፊት እጄን ያያሉ፤ ጥሩምባ ይዤ እንደሆነ።

ማንበብ የተማርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። የዕውቀት ጥማት ምናምን እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው የተማርኩት። ያኔ የእድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው አስነብቤ፣ በቃሌ ይዤ እወጣለሁ። አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ነበረ፤ የሟቹና ሞቱን ያስመዘገበው ሰውዬ። ያነበበልኝ ሰው ሁለቱንም ነገረኝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ማን ማንን እንዳስመዘገበ ጠፋኝና ባስመዝጋቢው ላይ ነፋሁበት። ሰውዬው ጥርሱን እየፋቀ በመስኮት ብቅ አለ።

«አንተ ደንቆሮ! እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

በነጋታው ቀበሌ ሄጄ ለማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። በጢሜ ሀ ሁ ስል ያልሳቀብኝ የለም። ይሳቁ። ሳቅ ሰውን ከገደለ እኔ ለራሴ ጥሩምባ የምነፋው ገና ድሮ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓመት የእድሩ ጸሐፊነት ለሰናይት ተሰጠ። ሰናይት ሜክሲኮ ቢሮ የምትሠራ፣ ቀልጣፋና ጨዋ ልጅ ናት። እኔ ስላልወደድኳት እናንተ አትጥሏት። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ተነሣችና፣

«ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጥሩምባ አይሰማም። ባለፈው ስንት ሰው ቀብር አመለጠው! እድራችን ዌብሳይት ይኑረው። ሞት ሲኖር እዚያ ላይ ይውጣ፤ ሁሉም በስልኩ ይየው» አለች።

ተጨበጨበ። ለእኔ ከሥራ መባረር የተጨበጨበውን ያህል ለሠርጌ አልተጨበጨበም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ጡረታ መውጣታቸውን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። «ማን ይሠራዋል?» ብለው ጠየቁ። ሰናይት አንድ ባለሙያ አነጋግራ ኖሮ፣ ሰውየው የጠየቀውን ዋጋ ስትናገር አዳራሹ ሬሳ የገባበት ያህል ጸጥ አለ። ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ።

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«ዌብሳይቱን።»

«ለመሆኑ ዌብሳይት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ሀንም አላውቃትም ነበር።»

ሳቁ። ጋሽ ሽፈራው ግን አልሳቁም፤ ቀልድ ሲሰሙ ቃለ ጉባዔ የሚያስይዙ ሰው ናቸው። «ጥሩ። ሁለት ወር ተሰጥቶሃል። ሠርተህ ካመጣህ ጥሩምባውም ዌብሳይቱም ያንተ ነው። ካልሠራህ ጥሩምባውን ታስረክባለህ፣ ባለሙያው ይመጣል።» ተጻፈ፣ ተፈረመ።

የእድር ጥሩምባ ቢቀርብህ ምን ይጎድልብሃል ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። ያለ ጥሩምባው እኔ መኪና ጠባቂ ብቻ ነኝ። መኪና ጠባቂን ደግሞ ሰው የሚያየው መኪናው ሲጫር ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ቁልፎቹ ላይ ያሉት ፊደሎች ግማሾቹ በሰው ጣት ብዛት ተፍቀዋል። ሻጩ «ይቅርታ፣ ፊደሉ አይታይም» አለኝ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳይታየኝ ለኖርኩት ሰው! ምንም አይደል ብዬ ተሸክሜው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ትርፍ ጊዜ የምትባለዋን ሁሉ ለቃቀምኳት። ጠበቃው መኪናውን አቁሞ ገብቶ ከችሎት እስኪወጣ ድረስ እኔ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የኢንተርኔት ትምህርት በቪዲዮ አያለሁ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ለእኔ ትምህርት የተፈጠረ ነው፤ ዳኛው በዘገዩ ቁጥር እኔ አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ።

ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ልጅ «ጀለሶች» እያለ ነው የሚጠራን። እኔም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ጀለስ ሆንኩ።

ነገሩ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያዘኝ። እኔ ነገር በቀላሉ የሚይዘው ሰው አይደለሁም። ዌብሳይት ማለት ለካ ተራ ጽሑፍ ነው። «ይህ ርእስ ነው» ትለዋለህ፣ ርእስ ይሆናል። የከፈትከውን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ራስ አለው፣ አካል አለው፣ ታች ደግሞ እግርጌ አለው። ራሱን ሠርቼ፣ አካሉን ቀጥዬ፣ እግርጌውን ሳበጅ «ምን እየሠራሁ ነው? ሰው ነው እንዴ?» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዱ ጠበቃ ከመኪናው ወርዶ «ምነው? ደህና ነህ?» ብሎኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የማንኛውንም ድረ ገጽ ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማየት መቻሉ ነው። ሁለት ቁልፍ ትጫናለህ፣ ውስጡ ተዘርግፎ ይታይሃል። እኔ ነኝና ሳምንት ሙሉ የሰው ሆድ ዕቃ ሳይ ከረምኩ። የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገጽ ከውጭ እብነ በረድ ነው፤ ውስጡ የእኛ ብሎክ የፍሳሽ ቱቦ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተቀጥሏል፣ የማይሠራው አልተነሣም፣ ማን እንደቀጠለው አይታወቅም። ይህን ሳይ ልቤ ሞላ። ትልቅ የሚባለው ሁሉ እንደዚህ ከሆነ እኔም እችላለሁ አልኩ።

አልቻልኩም እንጂ። የእድሩን ገጽ ጥቁር ላደርገው ፈለግሁ፤ የሐዘን ስለሆነ። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ነጭ። ሁለት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ነጭ ለብሶ እንደመጣ ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ለካ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የፈረንጁን ምልክት ነው፤ ከላይ ነጥብ፣ ከታች ጭረት። እኔ ያስገባሁለት የእኛን ድርብ ሰረዝ ነው። በማታ ትምህርት ቤት፣ በኩራዝ ዓይን፣ ለፍቼ የተማርኳትን ድርብ ሰረዝ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አላውቃትም አለኝ! ባለቤቴ አስካለ እኔ በማሽኑ ላይ ስጮህ ሰምታ፣

«ሰው በስተርጅና ዳዊት ይደግማል። አንተ ከዕቃ ጋር ትጣላለህ» አለች።

የቪዲዮው ልጅ ከዌብሳይቱ ጎን ለጎን «ሙያዊ ክህሎት» የሚባል ትምህርትም አለው። ጀለሶች፣ ኮድ ማወቅ ብቻ ሥራ አያስገኝም ይላል። ደንበኛችሁን ዓይን ለዓይን እዩት። ስትጨብጡት ጠበቅ አድርጉ። ሥራችሁ ላይ አስተያየት ጠይቁ። እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት እያየሁ ነው፤ ቢሆንም ተምሬ አልተውም አልኩና ጋሽ ሽፈራውን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ጨበጥኳቸው። ጠበቅ አድርጌ። ዓይናቸውንም አየሁ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ።

ዝም ብዬ አየሁ። ልጁ አትቸኩሉ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ታፈጥብኛለህ? ሞቼ ነው እንዴ? እጄን ልቀቀው፣ ሪህ አለብኝ!»

ሙያዊ ክህሎት በዚያው አበቃ። ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንድ ምክሩ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርታ ኖሯል። «ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ፤ አውጡት። ሰው ሲያየው ስህተቱን ይነግራችኋል። ደግሞ ባዶ ገጽ ለሰው አታሳዩ፣ ናሙና ጽሑፍ አስገቡበት።»

ናሙና! የእድር ገጽ ናሙናው ምንድን ነው? ሞት ነዋ።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። አላሰበም እንዳትሉኝ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ባስገባ ሟርት ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስበት ዕድሜ ልኬን እኔ ነኝ የምጠየቀው። የሞተ ሰው ስም ባስገባ ቤተሰቡ አይቶ እንደገና ደረት ይመታል። የራሴን ላስገባ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያልነበረ፣ የሌለ፣ ማንንም የማይነካ ሰው ፈጠርኩ። የእድሩን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አገላብጬ በስሙ የሚጠራ አለመኖሩን አረጋገጥኩ። አቶ ዳኜ ጠንክር። ስሙን ወደድኩት። አድራሻ ሲያስፈልገው ብሎክ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የጥጉ ቤት አልኩ፤ ከዚያ በር ሰው ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ ባዶ ነው ብዬ ነው። «ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል።» ፎቶ ስለሌለኝ ከኢንተርኔት የሰው ጥላ፣ ግራጫ ራስና ትከሻ ብቻ ያለበትን፣ አመጣሁና ለጠፍኩ።

ናሙና መሆኑንም ጽፌያለሁ! ከእግርጌው፣ በግራጫው ላይ በግራጫ፣ በጉንዳን ፊደል «ለሙከራ የተጻፈ» ብያለሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ዋናው ቃል ከታች በደቃቁ እንደሚጻፍ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ገጹን ኢንተርኔት ላይ ሰቀልኩት። በስልክ የእድሩ ግሩፕ ላይ «የእድራችን ድረ ገጽ ተከፍቷል፤ ገብታችሁ አስተያየት ስጡ» ብዬ ሊንኩን ላክሁና ደረቴን ነፍቼ ወደ መኪናዎቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ቀጣዩን ትምህርት ሳይ የስልኬ ባትሪ አለቀ። አስተያየቱን ማታ አየዋለሁ ብዬ ነገሬም አላልኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ብሎክ ሰባት ሥር ድንኳን ተተክሏል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። እኔ ሳልነፋ የሚሞት ማን ነው? አግዳሚው ተደርድሯል፣ የእድሩ ብረት ድስት ወጥቷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አስካለ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ የት ጠፍተህ ነው? ስልክህስ? ሰውዬው ሞቶ!»

«ማን?»

«ዳኜ ነዋ! ዳኜ ጠንክር!»

«ወይኔ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ።

እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ከልቤ አዘንኩ። ስሙ የማውቀው ስም ነበረ። ከየት እንደማውቀው እስኪገለጥልኝ ድረስ «ነፍስ ይማር» ብዬ ሁሉ ነበር። ሲገለጥልኝ የአስካለን ክንድ ያዝኩ።

«አስካለ፣ ስሚኝ፣ ይህ ሰውዬ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነበር! አንድ ቀን ደረጃው ላይ ዘንቢሌን ተቀብሎ እስከ በር አደረሰልኝ። አንተ አድርገኸው ታውቃለህ?»

በገዛ እጄ በፈጠርኩት ሰው ቀናሁ። «መቼ ነው ያደረሰልሽ?» አልኳት።

«ምን አገባህ? ሰው ሞቶ!»

ገብቼ ጋሽ ሽፈራውን ላናግር አልኩ። ሰናይት ከቢሮዋ ለቅሶ ብላ አስፈቅዳ መጥታለች። ከሰንጋ ተራም፣ ከሜክሲኮም ለዳኜ ሲሉ ሥራቸውን ጥለው የመጡ አሉ፤ ለሕያው ሰው መቼ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል? የቤቱን በር አንኳኩተው አልተከፈተም፤ «ቤተሰቡ ሬሳ ሊያወጣ ሆስፒታል ሄዷል» ተብሎ ሁሉም እየጠበቀ ነው። እየጠበቀም ያወራል። ማንም አላውቀውም አይልም። ጎረቤቱን አላውቅም ብሎ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ነውር ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ግራጫውን ጥላ እያሳየ፣

«ፊቱ አይታይም እንጂ እሱ ራሱ ነው። ትከሻውን እዩት!» ይላል።

«አዎ፣ ግራውን ዘንበል ያደርግ ነበር» ይላል ሌላው።

ጋሽ ሽፈራው ጠሩኝ። «መጣህ? ነገ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ቤተሰቡ እስኪመጣ አንተ ጻፍ፤ ሰው እንደሚያውቀው ይነግርሃል። ገጽህ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሰዉን በአንድ ጊዜ ነው ያሰባሰበው። ከጥሩምባው ይሻላል።»

ሁለት ወር የጠበቅኩት ምስጋና ነው። የመጣበትን ሰዓት ተመልከቱልኝ! ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥሩምባዬ በዓይኔ ላይ ዞረብኝ። ወረቀት ተቀብዬ ተቀመጥኩ። «ጻፍ» አሉኝ ከግራ ከቀኝ። ደግ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነበር። ሐሜት አያውቅም። ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ጻፍኩ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ በእድራችን ማንንም ያላስቀየመ እሱ ብቻ ነው።

እየጻፍኩ ሳለ ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከድር ነው፤ ብሎክ ሰባት ምድር ላይ ሱቅ ያለው። ቆፍጣና ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ ሲሞትበት እንኳ ፊቱ አይለወጥም። አሁን ፊቱን በኩታ ሸፍኖ ያለቅሳል። አጠገቡ ሄድኩ።

«ከድር፣ ምነው?»

«ተጣልተን ነበር» አለኝ። «ከሱ ቤት ውሃ እየፈሰሰ ዕቃዬን አበላሸብኝ። ደረጃው ላይ ጠብቄ ያልሆነ ነገር ተናገርኩት። በሽበቱ ሰደብኩት። ከዚያ ወዲያ ሱቄን ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እኔም አዞራለሁ። ስድስት ወር! ወላሂ፣ ስሙን እንኳ ዛሬ ነው የሰማሁት። ነገ አፈር ሳይለብስ ከሬሳው ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይሰማኛል ትላለህ?»

እኔ ጨካኝ ሰው ነኝ፤ ይህንን የሚክድ የለም። ግን ሰው በሌለ ሬሳ ፊት ይቅርታ ሲለምን ቆሜ የማይበት ፊት አልነበረኝም። ጥሩምባው ገደል ይግባ አልኩና ድንኳኑ መሃል ቆምኩ።

«ስሙኝ! አቶ ዳኜ የሚባል ሰው የለም!»

«የለም፣ እውነት ነው፣ ከእንግዲህ የለም!» ብለው ሴቶቹ አንድ ላይ ለቅሶውን አነሡት።

«እንደዚያ አይደለም! ኖሮ አያውቅም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ለሙከራ ነው! ከታች ጽፌያለሁ!»

ለቅሶው ተቋረጠ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደ ታች፣ ወደ እግርጌው ወረደ። ያን ሁሉ ራስ በአንድ ጊዜ አቀርቅሮ ሳየው ጸሎት ላይ ያለ ጉባዔ ይመስል ነበር። መጀመሪያ የተነፈሰው የትከሻው ሰውዬ ነው።

«እኔ እንኳ ትከሻው ትንሽ አጠራጥሮኝ ነበር» አለ።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም። «ከሥራ አስፈቅጄ!» የሚል አለ፤ «በሞት ይቀለዳል?» የሚል አለ። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ዘረጉ። «ጥሩምባውን አምጣ» አሉ። ጥሩምባው ቤት ነው አልኩ። አስካለ ሳትለመን ሮጣ ሄዳ አመጣችው። ዘንቢሏን ማን እንዳደረሰላት ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ጥሩምባዬን አስረክቤ እንደቆምኩ፣ አንድ ረዥም፣ ሽበታም ሰው ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው በድንኳኑ በር ብቅ አሉ። ወደ ብሎኩ ደረጃ ለማለፍ መንገዱ በድንኳኑ ተዘግቶባቸዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ከድር ቀስ ብሎ ተነሣ። ኩታው ከትከሻው ወደቀ። ወደ ሰውየው ሲገሰግስ ሰውየው ፌስታላቸውን እንደ ጋሻ ከፊታቸው አደረጉ።

«ቧንቧውን አስጠግኛለሁ!» አሉ። «ባለፈው ሳምንት አስጠግኛለሁ፣ መጥተህ እይ!»

«ይቅር ይበሉኝ!» ከድር አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። «ለአላህ ብለው ይቅር ይበሉኝ! ሞተው ነበር!»

«ማን? እኔ?»

«ድንኳኑ የእርስዎ ነው!»

ሰውየው ድንኳኑን አዩ። ድስቱን አዩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ። ከዚያ ዳቧቸውን ለከድር አስይዘው አግዳሚ ላይ ዘጭ አሉ። እኔ ደግሞ መቼም አፌ አያርፍም፣ ጠጋ አልኩና፣

«አባቴ፣ ስምዎት ማን ነው?» አልኩ።

«መኮንን።»

«እዚህ ይኖራሉ?»

«አራተኛ ፎቅ፣ የጥጉ ቤት። ሰባት ዓመቴ ነው።»

ባዶ ነው ያልኩት ቤት! ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ጥሩምባ ስነፋ ከላይ ሰው ሲሰማኝ ኖሯል። ለዳኜ ታሪክ ያዋጣ ሁሉ አሁን መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አቶ መኮንን፣ የእድሩ አባል ነዎት?»

«አይደለሁም። ማንን ልጠይቅ? ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ ጥሩምባ የሚነፋውን ሰውዬ ልጠይቅ ብዬ ወርጄ ነበር።» ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ፊቱን አየሁና ተመለስኩ።»

ሁሉም ፊቴን አየ። ፊቴን ምን ላድርገው?

ሰናይት ተነሣች። ስትነሣ በቃ፣ አሁን ሥርዓተ ቀብሬን ታነባለች ብዬ ነበር። «ጥፋቱ የጋሼ ብቻ አይደለም» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «ዌብሳይት ይሠራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሞተ ሲባል ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም...» ፊቷ ቀላ፣ «ሊፍት ሲበላሽ አብረን ደረጃ ወጥተናል ብያለሁ። ብሎክ ሰባት ሊፍት የለውም።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ከድር ይመስለኛል፤ ዕንባውን ሳይጠርግ። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፤ ጋሽ ሽፈራው ሲቀሩ። እሳቸው ዙሪያውን አይተው ሰው ቆጠሩና፣

«ስብሰባ ስንጠራ ምልዓተ ጉባዔ ሞልቶ አያውቅም፤ ዛሬ ሞልቷል» አሉ። «ስለዚህ እንወስን።»

እዚያው፣ ባልሞተ ሰው ድንኳን ውስጥ፣ ተወሰነ። አንደኛ፣ ድረ ገጹ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ እኔ በየብሎኩ፣ በየፎቁ ወጥቼ፣ በር አንኳኩቼ በግቢው የሚኖረውን ሰው ሁሉ በስሙ እመዘግባለሁ፤ አባል መሆን የሚፈልግ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ሽፈራው ጥሩምባውን መልሰው አስያዙኝና ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ይህን ሙያዊ ክህሎት ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

«ያዝ» አሉኝ። «ሰው ሞተ ሲሉህ ግን ከእንግዲህ መጀመሪያ ኖሮ እንደነበር አጣራ።»

ሰዉ ድንኳኑን ማፍረስ ሲጀምር ጋሽ መኮንን አልተነሡም። «ምዝገባው በእኔ ይጀመር» አሉ። «ሌላ ሰባት ዓመት የለኝም።» እኔም ደስ ብሎኝ ላፕቶፑን አምጥቼ አግዳሚው ላይ ከፈትኩት። ዳኜን ከነትከሻው አነሣሁት። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ።

«የእኔ ስም የሚገባው የት ላይ ነው?»

ላሳያቸው ጣቴን አነሣሁ፤ ጣቴ እዚያው አየር ላይ ቀረች። ሁለት ወር ለፍቼ በሠራሁት ገጽ ላይ ስም የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የሟች። በሕይወት ያለ ሰው የት እንደሚጻፍ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ትምህርቱም ገና አልደረሰበትም።

«ጋሽ መኮንን፣ ለጊዜው ያለኝ የሟች ቦታ ነው» አልኩ።

«የኗሪውን ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ቪዲዮው የሁለት ሰዓት ነው። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ነኝ።»

ዳቧቸውን ከከድር ተቀብለው ቆረሱና አንዱን ቁራሽ ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡን።

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አሉ። ከዚያ ባዶዋን ቦታ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ብቻ እስከዚያ ለሙከራ ብለህ እዚህች እንዳታስገባኝ።»